እናታችን በበዓል ቀን የት ናት?

እስኪ የዓመት በዓል ፎቶዎቻችሁን አውጡ። ስልካችሁ ውስጥ ያለውንም፣ አልበም ውስጥ የተለጠፈውንም። ሶፋው ላይ አባት አሉ፣ አጎት አሉ፣ ጎረቤት አለ፣ ከውጭ የመጣ ዘመድ አለ። ልጆች መሬት ላይ ተደርድረዋል። ከኋላ ቡፌው ያብረቀርቃል። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ዶሮ ወጡ ቀርቧል። አሁን ወጡን የሠራችውን ሴት ፈልጉ። ብትገኝ ጥግ ላይ ናት። "ኧረ ነይ አንዴ እንነሳ!" ተብላ ተጠርታ፣ ሽርጧን ሳትፈታ፣ አንድ እግሯን ወደ ኩሽና አድርጋ ቆማለች። የገዛ ቤቷ እንግዳ ትመስላለች።

ጋዜጠኝነት ስንማር "ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት ብላችሁ ጠይቁ" ተብለናል። የቤታችንን ጉዳይ ስዘግብ አንድ ሰባተኛ ጥያቄ እጨምራለሁ፤ "ማን የለም?" መልሱ በየቤቱ አንድ ነው። ያበሰለችው የለችም። እናት የለችም፣ አክስት የለችም፣ ታላቅ እህት የለችም፣ የቤት ሠራተኛዋማ ጭራሽ አትጠራም።

ታዲያ ስለ ሳሎንና ኩሽና ማደስ ብዙ ሲወራ እሰማለሁ። የመጋረጃው ቀለም፣ የጂፕሰሙ ዲዛይን፣ የኪችን ካቢኔቱ ዓይነት። ቤተሰብ የሚሰበሰብበት ቤት እንሥራ ነው የሚባለው። እኔ ደግሞ እላለሁ፣ ያበሰለችው ሰው ያልተቀመጠችበት ስብሰባ የቤተሰብ ስብሰባ አይባልም፤ ግብዣ ነው፣ አስተናጋጇ ደሞዝ የማይከፈላት ግብዣ። ቤታችሁን ለቤተሰብ ልታድሱ ከሆነ ከመጋረጃው አትጀምሩ። ሳሎንን ከኩሽና ከሚለየው ግድግዳ ጀምሩ።

*ተረቱ ፕላን ነው*

"ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት" የሚባለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እንደ ተረት ስንሰማው አድገናል። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ግን ይሄ የቤት ፕላን ነው። በአሮጌው የአዲስ አበባ ግቢ ውስጥ ተሠርቷል። ሳሎኑ ከፊት፣ ማድቤቱ ከጓሮ። በመካከል ግቢው አለ። በክረምት እናቶች ትሪ በእጃቸው ይዘው፣ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው፣ በዝናብ ይሮጣሉ። ወጡ እንዳይቀዘቅዝ እንሰጋለን፤ ስለ እነሱ መብረድ ግን ማንም አያነሳም።

እውነቱን ለመናገር፣ ፕላኑ ምክንያት ነበረው። በእንጨትና በኩበት በሚበሰልበት ዘመን ጭስ ሳሎን ይገባ ማለት አይቻልም። የሣር ክዳን ባለበት ቤት እሳት ይፈራል። አሁን ግን የከተማው ሰው አብዛኛው ምጣዱን ሶኬት ላይ ይሰካል፣ ወጡን በኤሌክትሪክ ወይም በጋዝ ይሠራል። ጭሱ ሄደ፤ ግድግዳው ግን ቀረ። ምክንያቱ የሞተበትን ግድግዳ "ባህላችን ነው" ብለን እንጠብቀዋለን።

ባህል ካላችሁ ደግሞ የአገራችን ባህል አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። የጉራጌን ጎጆ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ እሳቱ ሰው በሚቀመጥበት እዚያው ቤት ውስጥ ነው። የሚበስለው እየታየ፣ እየተጫወቱ ይበስላል። የሐረር ጁገልን ደግሞ ተመልከቱ (በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው)። የሐረሪዎች ዋናው ክፍል፣ ጊዲር ጋር የሚባለው፣ ነደባ የተባሉ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉት። ምንጣፍ ይነጠፍባቸዋል፣ ትራስ ይደረደርባቸዋል። እርግጥ ነው ነደባውም ማዕረግ አለው፣ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። ቤቱ ሲሠራ ግን የታሰበው ለብዙ ሰው መሆኑን ግድግዳው ራሱ ይመሰክራል። መቀመጫው የቤቱ አካል ነው፤ ከመርካቶ ተገዝቶ በአይሱዙ አይመጣም።

*ሶፋና ቡፌ የያዙት አገር*

እኛስ ምን አደረግን? የአያቶቻችንን መደብ አፍርሰን ኤል ሼፕ ሶፋ አስገባን። ክንዱ የሰው ወገብ ያህል ይወፍራል። ጀርባው ግማሽ ሜትር ይበላል። ስድስት ሰው ተመቻችቶ ይቀመጥበታል፤ ሰባተኛው ክንዱ ላይ ቂጥ ብሎ ለመቀመጥ ሲሞክር "ሶፋው ይሰበራል!" ይባላል። ከሶፋው ፊት ለፊት የመስታወት ጠረጴዛ አለ፤ ልጆች እንዳይነኩት ቀኑን ሙሉ ይጮህባቸዋል። ከዚያ ቡፌው። ቡፌው ውስጥ ብርጭቆ አለ፤ ማንም ጠጥቶበት አያውቅም። ሳህን አለ፤ ማንም በልቶበት አያውቅም። ለእንግዳ ነው ይባላል። እንግዳው መጥቶም ግን ከጎረቤት ሳህን እንዋሳለን!

ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ሰው ተጠጋግቶ ለመቀመጥ ግማሽ ሜትር ገደማ ይበቃዋል። ሦስት ሜትር ተኩል ርዝመት ባላቸው ሁለት ግድግዳዎች ሥር በአናጢ የተሠራ መደብ ቢዘረጋ ሰባት ሜትር ነው። ለማዕዘኑና ለበሩ አንድ ሜትር ብንተው እንኳ 12 ሰው ያስቀምጣል። ከሥሩ ሳጥን ይሆናል፤ ብርድ ልብሱም፣ የበዓል ድስቱም፣ ሳህኑም ይገባበታል። ቡፌው ሥራ ፈታ ማለት ነው። ማታ ከክፍለ ሀገር የመጣ ዘመድ ይተኛበታል። ይሄን የማያውቅ አያት የለም። እኛ ግን በቱርክ ድራማ ያየነውን ሳሎን ሃያ ካሬ ውስጥ ለማስገባት እንታገላለን።

*ለአንድ ሰው የተሠራ ኩሽና*

ወደ ኮንዶሚኒየሙ እንምጣ፤ የብዙዎቻችን ዕጣ እዚያ ነውና። ፕሮግራሙ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲጀመር የተያዘው ልክ ይሄን ይመስል ነበር፦ ስቱዲዮ ከ20 ካሬ ሜትር በታች፣ ባለ አንድ መኝታ ከ20 እስከ 30፣ ባለ ሁለት ከ30 እስከ 45፣ ባለ ሦስት ከ45 በላይ። በዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች ተለይቶ ነበር። ጥሩ ነው፣ እናመሰግናለን። ጥያቄዬ ግን ይሄ ነው፤ ቁልፉን ለሴት ሲሰጧት ኩሽናውን ለማን ሠሩት?

ምጣዱን ውሰዱ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የኪችን ካቢኔት ጥልቀትም በተለመደው ልክ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። ምጣዱን ስታስቀምጡ መክተፊያ የለም፤ መክተፊያውን ስታስቀምጡ ምጣዱ በረንዳ ይወጣል። ኃይሉ ደግሞ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ ነው፤ ለብቻው መስመር ይፈልጋል። ስለዚህ በየብሎኩ የምናየው ይታወቃል። ምጣዱ በረንዳ ላይ፣ ሽንኩርቱ መተላለፊያ ላይ፣ ዶሮው መታጠቢያ ቤት። ሁለተኛ ሰው "ላግዝሽ" ብሎ ቢገባ መዞሪያ የለውም። አንድ ሰው ብቻ የሚያስገባ ኩሽና ሠርተን "ለምንድነው ማንም የማያግዛት?" ብለን እንገረማለን።

ፕላነሮቹ ጨርሰው አልረሱንም፤ ለእርድ፣ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያ ተብለው የጋራ ሕንፃዎች ተሠርተዋል። ሐሳቡ ግሩም ነበር። ግን ስንቱ ሳይት ላይ ነው ያ ቤት ዛሬ ለታሰበለት ሥራ ክፍት የሆነው? በምትኖሩበት ሄዳችሁ እዩ፤ መጋዘን ወይም ቢሮ ሆኖ ብታገኙት አትደነቁ። ከፒያሳና ከካሳንቺስ በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ተነስተው ኮንዶሚኒየም የገቡ ቤተሰቦች ምን እንደጎደላቸው ጠይቁ። ከመጀመሪያዎቹ መልሶች አንዱ "ግቢው" ይሆናል። ዳስ የሚጣልበት፣ አሥር ሴት በአንድ ድስት ዙሪያ የምትቆምበት ግቢ። ያ ግቢ ድህነት ነበረበት፣ ሽንት ቤቱም የጋራ ነበር፤ አላወድሰውም። ነገር ግን የምታበስል ሴት ብቻዋን አልነበረችም።

ለአንድ ሰው የሚሆን ኩሽና የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1926 ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ የተባለች ኦስትሪያዊት አርክቴክት የፍራንክፈርት ኩሽና የሚባለውን ነደፈች። 1.9 በ3.4 ሜትር ነበር። ለፍራንክፈርት ከተማ የሠራተኛ ቤቶች 10 ሺህ ገደማ ተሠርቶለታል። ዛሬ ለምንገዛው የተገጣጠመ ኪችን አያቱ እሱ ነው። ሴትየዋ ዓላማዋ ቅን ነበር፤ የሴቶችን እርምጃ ቆጥራ፣ ድካማቸውን ለመቀነስ ነው የሠራችው። ተቺዎቿ ግን በኋላ እንዳሉት ኩሽናው አንዲትን ሴት ብቻ የሚያስገባ፣ ከሌላው የሚነጥል ሆነ። እሷ እንኳ ታዲያ ወደ ሳሎኑ የሚወስድ ተንሸራታች በር አልረሳችም፤ እናት እየሠራች ልጆቿን እንድታይ። እኛ ጥበቱን ወረስን፤ በሩን ረሳን።

*"ኦፕን ኪችን" ሁለተኛው ቡፌ*

"ይሄማ ድሮ ነው፣ አሁን እኮ አፓርታማው ሁሉ ኦፕን ኪችን ነው" የሚል አይጠፋም። አይቻቸዋለሁ። በማስታወቂያው ላይ ነጭ እብነ በረድ አለ፣ ከፍ ያሉ ወንበሮች አሉ፣ አንድ ሳህን ሎሚ አለ። ሽንኩርት የለም! ከዚያ ፕላኑን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። ከኋላ ሌላ ትንሽ ኩሽና አለ፣ ከጎኑ አልጋ ብቻ የሚያስገባ የሠራተኛ ክፍል አለ። እውነተኛው ምግብ እዚያ ይሠራል። ፊት ለፊት ያለው ክፍት ኩሽና ለእንግዳ የሚታይ ነው። ታዲያ ይሄ ቡፌ አይደለም? ድሮ ብርጭቆ እናሳይ ነበር፣ አሁን ምድጃ እናሳያለን። የምትደክመው ሴት ዛሬም ከጀርባ ናት፤ ዕድሜዋ ብቻ ነው የቀነሰው፣ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት፣ ከገጠር ከመጣች ዓመት ያልሞላት።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ይሄን ቀድመው አይተውታል። ክፍት ኩሽና ያለው ቤት ገዝተው፣ ሽታውን ፈርተው፣ ምጣዱን ጋራዥ ወይም ምድር ቤት ያስገቡ ስንት አሉ! ፕላኑ ምጣድን ስለማያውቅ ምጣዱ ስደተኛ ሆነ። አብራው ደግሞ እናትየዋ።

*ቡናን ማን አየ?*

አሁን ወደ ዋናው መከራከሪያዬ። "በሰው ፊት ማብሰል የፈረንጅ ነው" ለሚሉን ሁሉ አንድ ቃል ብቻ አለኝ፤ ቡና።

ቡና ምንድን ነው? ምድጃው ሳሎን መካከል ይመጣል። ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ተፈልቶ፣ ሁሉም በሰው ፊት። ጭስ አለው፤ እንዲያውም እጃችንን እያወዛወዝን እናሸተዋለን። የምታፈላዋ ተቀምጣለች። ፊቷ ወደ ሰው ነው። አቦል እስኪወርድ ትጫወታለች፣ ትተርባለች፣ ትፈርዳለች። ማንም "ይሸታል፣ ጓሮ ውሰጂው" አይላትም። በቤታችን ውስጥ ወሬው የሚደምቀው፣ የተጣላ የሚታረቀው፣ የሚዳረው የሚዳረው መቼ ነው? የምትሠራዋ ሴት ከተቀመጡት ጋር በተቀመጠችበት በዚያች ሰዓት ነው። ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ የዓለም ምርጡ ክፍት ኩሽና ነው። አርክቴክት አልነደፈውም። እናቶቻችን ነደፉት።

እኔ የምጠይቀው እንግዲህ ለቡና የሰጠነውን ቦታ ለወጡም እንስጠው ነው። ይኸው ነው።

*ተቃውሞዎቹን እሰማለሁ*

አንደኛው፣ ሽታው። እውነት ነው፤ የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ሰዓታት ይቁላላል፣ መጋረጃ ይይዛል። ስለዚህ ግድግዳውን ሙሉ በሙሉ አፍርሱ አላልኩም። መስኮት ክፈቱበት። ወገብ ላይ የሚጀምር፣ ሜትር ከግማሽ የሚሰፋ፣ በእንጨት ወይም በመስታወት የሚንሸራተት መዝጊያ ያለው። ሽንኩርቱ ሲቁላላ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ይከፈታል። ትሪውም በዚያው ያልፋል፣ ወሬውም በዚያው ያልፋል።

ሁለተኛው፣ "ገንዘብ የታለ?" የሚለው ነው። ቡፌና ኤል ሼፕ ሶፋ በስንት ገዛችሁ? ግድግዳው በአብዛኛው ብሎኬት ነው፤ ሕንፃውን የተሸከሙት ኮለንና ቢሙ ናቸው። ሆኖም ራሳችሁ መዶሻ እንዳታነሱ! መሐንዲስ ይየው፣ የውሃና የመብራት መስመሩ ይታወቅ፣ ማኅበሩና የሚመለከተው የወረዳ ጽሕፈት ቤት ይፍቀድ። ኪራይ ቤት ያለ ሰው ደግሞ ምንም ሳይሰብር ምጣዱን ጎማ ባለው ማስቀመጫ ላይ አድርጎ ወደ ሰው ማስጠጋት፣ ሽንኩርቱንና መክተፊያውን ሳሎን ማምጣት ይችላል። ከኤል ሼፑ ይልቅ አግዳሚ መግዛት ይችላል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው፣ የሚያነሱትም ሴቶች ናቸው። "ኩሽናዋ እኮ ነፃነታችን ናት" ይላሉ። እውነት አላቸው። የአክስቶቼ ሳቅ የሚሰማው ከኩሽና ነው። የባል ሐሜት፣ የወሊድ ታሪክ፣ የእድሩ ምስጢር፣ ማን ለማን ስንት እንዳበደረ፣ ሁሉም ያለው እዚያ ነው። ሳሎን ውስጥ የአርሴናል ጨዋታ ሲተነተን፣ የቤተሰቡ እውነተኛ ዜና ከሽንኩርቱ ጋር ይከተፋል። ይሄን ቦታ ልንወስድባቸው ከሆነ እኔም አልስማማም። ነገር ግን ሁለት ነገር አስቡ። ያ ታሪክ ሁሉ ለወንድ ልጆቻቸው አልደረሰም። እናት ስታርፍ ወንድሞቻችን ስለ እሷ የሚያውቁት "ሙያ ነበራት" የሚል ብቻ የሆነው ለምን ይመስላችኋል? ደግሞም ነፃነት ማለት ገብቶ መውጣት ሲቻል ነው። ሌላ ቦታ ስለሌላት የምትቀመጥበት ክፍል ነፃነት አይባልም።

ወንድሜ ከስድስት ዓመት በኋላ ለፋሲካ ሦስት ሳምንት ይዞ መጣ። እማዬ ሁለቱን ሳምንት በኩሽናና በሳሎን መካከል ስትመላለስ አየኋት። "በላህ?" "ልጨምርልህ?" ከዚህ የዘለለ ስንት ወሬ አወሩ ብትሉኝ በጣቴ እቆጥረዋለሁ። አንድ ቀን ኩሽና ገብቶ ሽንኩርት መላጥ ጀመረ። "ውጣ፣ ምን ልሁን ብለህ ነው!" አለችው። አልወጣም። ስለ አባታችን የመጀመሪያ የፍቅር ደብዳቤ የነገረችው ያን ዕለት ነው። ሰላሳ ዓመት የኖረ ታሪክ! በአምስት ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ ተገኘ።

*እንግዲህ ምን እናድርግ?*

ግድግዳው ተከፍቶ ወንዱ ሶፋው ላይ ከቀረ የእናታችንን ድካም በቀጥታ ሥርጭት ማየት ብቻ ነው የሚተርፈን። ስለዚህ ማደስ የሚጀምረው ከቤቱም ከሰዉም ነው።

ለበዓል ቀን የሚሆን ቤት ሲታሰብ ከምድጃው ይጀመር። የምታበስለው ፊቷ ወደ ግድግዳ ሳይሆን ወደ ሰው ይሁን። ሦስት ሰው አብሮ የሚቆምበት መክተፊያ ይኑር፤ ጠባብ ከሆነ ከግድግዳ የሚታጠፍ ጣውላ ይሠራል። ለምጣዱ የራሱ ቦታና የራሱ መስመር ይሰጠው። ኩሽና ውስጥ ከዱካ የተሻለ መቀመጫ ይግባ፤ ማንም እንግዳ ዱካ ላይ ቀኑን ሙሉ አስቀምጡኝ አይልም። ቡፌው ይሸጥ፣ ብርጭቆዎቹ ይጠጣባቸው። አዳዲስ ብሎኮች የምትነድፉ አርክቴክቶች ደግሞ፣ ፕላኑን ከማጽደቃችሁ በፊት በፋሲካ ዋዜማ ሌሊት አንድ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ውጡና እዩ። ቤት የሚፈተነው በዚያች ሌሊት ነው።

ወንድሞቼ ሆይ፣ ፋሲካም ይሁን ኢድ፣ ልደትም ይሁን ማኅበር፣ ሽንኩርቱ የናንተ ነው። ዕንባችሁ ቢወርድም ደግ ነው፤ እናንተ "ወንድ ልጅ አያለቅስም" ስትባሉ ያደጋችሁ ናችሁና ምክንያት አገኛችሁ።

አንድ ነገር ለአናጢው አደራ። ያ መስኮት ሲሠራ መቀርቀሪያው በኩሽናው በኩል ይሁን። ስትፈልግ ትክፈተው፣ ሐሜት ሲጥማት ትዝጋው። በዚያ ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ መክፈትና መዝጋቱ በእሷ እጅ ይሁን።

ቸር እንሰንብት።